ከበርበሬ በረንዳ ወደ አዘርነት በርበሬ፦ ልጅን ወደ ገጠር መላክ መቼ ይጠቅማል?

   

ከጁሙዓ ሶላት ስንወጣ፣ ከሐዘን ቤትና ከኒካሕ ድግስ ላይ፣ እኛን የጤና ባለሙያዎችን ጎን እየወሰዱ የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። «ልጁ ከእጄ ወጣ። ጫቱን ጀምሯል፣ ትምህርቱን ትቷል፣ ቃል አይሰማም። ገጠር ብልከው ይሻለው ይሆን?» ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ እናቶች ናቸው። እኛም «አላህ ያግርልሽ» ብለን እናልፋለን እንጂ ቁጭ ብለን መልስ አንሰጥም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ጥያቄው የራሴ እህት ቤት እስኪገባ ድረስ።

ዛሬ የማወጋችሁ በዚሁ በእህቴ ልጅ ላይ የደረሰውን ነው። እሱም እናቱም ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን ትቼዋለሁ።

በረንዳው ላይ ያደገ ልጅ

የመርካቶ ሰው በርበሬ በረንዳን ዓይኑን ጨፍኖ በሽታው ያገኘዋል። ከሐላባና ከማረቆ የመጣው ዛላ በርበሬ በኩንታል ይራገፋል፤ እናቶች ተደርድረው ይቀነጥሳሉ፤ ሚዛኑ ከጠዋት እስከ መግሪብ አያርፍም፤ አላፊ አግዳሚው ያስነጥሳል። እህቴ በዚህ ሥራ ልጆቿን አሳድጋለች። ባለቤቷ ዕቃ ለማምጣት መንገድ ላይ ስለሚሆን፣ ቤቱም ሱቁም የእሷ ትከሻ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ልጇ ሕፃን ሳለ ኩንታሎቹ መሐል ይተኛ ነበር። አድጎ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጭነት ያራግፍላት ጀመር። ማንም ክፉ ነገር አላየበትም። ከሰዓት በኋላ ግን ሥራው ሲቀዘቅዝ ከአራጋፊዎቹ ጋር መቀመጥ መጣ። በመጀመሪያ ትልልቆቹ የጣሉትን ገራባ ነበር የሚቀምሰው። ቆይቶ የራሱን ገዛ። በኋላ በአንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ በርጫ ከሚቀመጡ ልጆች ጋር ተደባለቀ፤ ሺሻም እዚያው ተጨመረ።

በ2015 ዓ.ል. 16 ዓመቱ ነበር፣ 9ኛ ክፍል። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ትምህርት ቤቱ እናቱን ጠራ፤ ከግማሽ በላይ ቀሪ ነበረበት። ሌሊት አይተኛም፣ ለሱብሕ አይነሳም፣ ቁርስ አይበላም። አንድ ነገር ሲባል ይቆጣል፤ ታናናሾቹ መፍራት ጀመሩ። ግንቦት ላይ ደግሞ እህቴ ለዕቁብ ያስቀመጠችው ገንዘብ ጠፋ። ማን እንደወሰደው ቤት ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ያን ዕለት ማታ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። አንዱ «ለፖሊስ ይሰጥ» አለ። ሌላው «ክፍል ውስጥ ይዘጋበት» አለ። ሦስተኛው «ገጠር ይወርወርና ኑሮን ይቅመሰው» አለ። እናቱ ታለቅሳለች። በስልክ ነገሩን የሰሙት የእህቴና የእኔ አባት፣ የልጁ አያት፣ በስልጤ ዞን አዘርነት በርበሬ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ ያሉት አጭር ነበር። «አስራችሁ አታምጡልኝ። ጠይቃችሁ አምጡልኝ።»

የስሙ መገጣጠም ያኔ አሳቀን። ከበርበሬ በረንዳ ወደ አዘርነት በርበሬ። የአባታችን ንግግር ግን ያኔ ካሰብነው በላይ ትልቅ ቁም ነገር እንደያዘ የገባን ቆይቶ ነው።

ጫት በታዳጊ ሰውነት ላይ

ስለ ጫት ሸሪዓዊ ብይን መናገር የዑለሞቻችን ድርሻ ነው። የዚህ ዐምድ ድርሻ ጤናው ነው።

ለጋ የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። ጫት በተቆረጠ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ኃይሉ የሚደክመው፣ ሰውም ትኩሱን ለማግኘት የሚሽቀዳደመው በዚህ የተነሳ ነው። ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍን ያባርራል። ምርቃናው ሲበርድ ደግሞ ድብርት፣ ብስጭትና ድካም ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅት ጫትን የአእምሮ ጥገኝነት ሊያመጡ ከሚችሉ ነገሮች ተርታ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

ታዳጊ ላይ ጉዳቱ ለምን ይበረታል? የሰው ልጅ አንጎል እስከ 25 ዓመት አካባቢ እድገቱን አይጨርስም። በመጨረሻ የሚበስለው ስሜትን የሚገታው፣ ነገን አስቦ ዛሬን የሚመዝነው ክፍል ነው። ስለዚህ በ16 ዓመቱ የጀመረ ልጅ ልጓሙ ሳይሠራ ፈረሱን ጋልቧል ማለት ነው።

እንቅልፍም አለ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ከሰዓት በኋላ የቃመ ልጅ ሌሊቱን ያፈጣል፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ ከሰዓት ለመንቃት ተመልሶ ይቅማል። በረንዳው ላይ የምናየው ክፉ ልማድ አንዱ ክፍሉ ይህ የእንቅልፍ ዕዳ ነው።

ምግቡን እንይ። የቃመ ልጅ እራት አይበላም፣ ጠዋት በባዶ ሆዱ ጥቁር ሻይ ይጠጣል። በጫትም በሻይም ውስጥ ያለው ታኒን ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ከምግብ ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። በፍጥነት የሚያድግ ጎረምሳ ብረትና ፕሮቲን በብዛት የሚያስፈልገው ደግሞ በዚሁ ዕድሜ ነው። የእህቴ ልጅ ያኔ 44 ኪሎ ነበር። ጨጓራውን ያመው ነበር።

ሺሻን «ውሃ ያጣራዋል» የሚሉ አሉ። አያጣራውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው፣ በአንድ ሰዓት የሺሻ ቁጭታ የሚሳበው ጭስ መጠኑ ከአንድ ሲጋራ ጭስ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የትምባሆ ምርት መሸጥ ክልክል ነው።

ከመንገዱ በፊት

አባታችን «ጠይቁት» ስላሉ ጠየቅነው። መጀመሪያ ላይ ጀርባውን ሰጠን። ከሦስት ቀን በኋላ «ለስንት ጊዜ?» አለ። ይህ ጥያቄ ትልቅ ነገር ነበር። «ከአረፋ እስከ ትምህርት ቤት ምዝገባ» አልነው። በዚያ ዓመት አረፋ ሰኔ 21 ነበር የዋለው። መመለሻው ቀን ተቆረጠ፤ እናቱ በራሷ አፍ ቃል ገባችለት።

ከመሄዱ በፊት ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ስለቆየበት የቲቢ ምርመራ አስፈላጊ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ ነጻ ሆነ። ሳሉን የሺሻው ጭስና የበርበሬው ብናኝ እንዳባባሰው ሐኪሙ ነገረው። ለጨጓራው መድኃኒት ተሰጠው። ሐኪሙ ሌላም ነገር ጠየቀው፦ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማህ እንደሆነ፣ ሰው እያሳደደኝ ነው ትል እንደሆነ፣ መሞትን ትመኝ እንደሆነ። የለም አለ። ከእነዚህ አንዱ ቢኖርበት ኖሮ መንገዳችን ወደ አዘርነት ሳይሆን እዚሁ አጠገባችን ወዳለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሆን ነበር። ይህን ነጥብ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለአረፋ የመርካቶ ስልጤና ጉራጌ ወደ አገር ቤት እንደሚጎርፍ ታውቃላችሁ። ሱቁ ይዘጋል፣ መናኸሪያው ይጨናነቃል። እኛም በዚያው ማዕበል ውስጥ ገብተን ወራቤን አልፈን ወደ ደጋው ወጣን። ዒዱን አብረን አከበርን፤ እናቴ ከቡላ፣ ከቅቤና ከአይብ የተሠራውን አተካና አቀረቡ፤ ልጁ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ተወው። በአራተኛው ቀን እኛ ተመለስን፣ እሱ ቀረ።

ሰባ ቀን በደጋው

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ጫት ያቆመ ሰው ለጥቂት ቀናት ይጫጫነዋል፣ ይነጫነጫል፣ ያዝናል፣ እንቅልፉም በዱካክ ይሞላል። እናቴ ሌሊት ሲጮህ ሰምተው አጠገቡ ቁጭ ብለው ቀርተው ያውቃሉ። አባቴ ምክንያቱን ጠይቀውኝ ስለነበር «ይህ ያልፋል፤ አትገሥጹት፣ አብሉት፣ ይተኛ» ብያቸው ነበር።

እኛ በተመለስን በአምስተኛው ቀን ልጁ ልብሱን ጠቅልሎ ወደ መኪና መንገድ ወረደ። ማንም አልያዘውም። የአጎቱ ልጅ ዝም ብሎ ተከትሎት ወረደ፣ ዝም ብሎ አብሮት መንገድ ዳር ቆመ። ዝናብ ነበር፤ መኪና አልመጣም። ሲበርዳቸው ሁለቱም ተመለሱ። እቤት ሲገቡ እሳቱ ነዶ፣ ቆጮና ጎመን ተዘጋጅቶ ነበር። ስለ መንገዱ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ከከብቶቹ ጋር መውጣት ጀመረ። ከቤቱ በላይ ያለው የጋራ ግጦሽ ሰፊና ነፋሻ ነው፤ ሱቅ የለም፣ የስልክ ኔትወርክ እንደ ልብ አይገኝም፣ ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ አሥር እርምጃ አይታይም። ጠዋት ወጥቶ ከዐስር በኋላ ይመለሳል። የተነገረው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ የወጡት ሁሉ ይመለሱ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንዲት ጊደር ጉም ውስጥ ጠፋች። ሌሎቹን ወደ ቤት የሚነዳ ጓደኛ ነበረው፤ እሱ ወደ ኋላ ተመለሰ። ጅብ እንዳለ ያውቃል። መግሪብ አዘን ተብሎ አልመጣም። አያቱ ፋኖስ ይዘው ሰው አስከትለው ሊወጡ ሲሉ፣ ጊደሯን በገመድ እየጎተተ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ። አባቴ ሰው ሲያሞግሱ ሰምቼ አላውቅም። ያንንም ቀን አላሞገሱትም። «አላህ ይባርክህ። ነገም አንተው ትወስዳቸዋለህ» ብቻ አሉት።

ይህን የነገረኝ ልጁ ራሱ ነው። «ነገም አንተው» የምትለዋን ቃል ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ። መርካቶ ውስጥ ከዕቁቡ ገንዘብ ወዲህ ነገን ለእሱ ያመነ ሰው አልነበረም።

ሰውነቱን የጠገነው ምንድን ነው?

የገጠር ንፋስ አስማት የለውም። በእነዚያ ቀናት የሠሩትን ነገሮች እንቁጠር።

1ኛ፦ ርቀቱ። ሱስ ከቦታ፣ ከሰዓትና ከሰው ጋር ይታሰራል። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ያቺ በረንዳ ስትታይ፣ ያ ጓደኛ ሲመጣ አንጎል «አሁን ነው» ይላል። እነዚህ ምልክቶች በሌሉበት ፍላጎቱ ይደክማል።

2ኛ፦ ብርሃንና እንቅልፍ። ለሱብሕ የተነሳና ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ ውጭ የተገኘ ሰው፣ የጠዋቱ ብርሃን የሰውነቱን ሰዓት ያስተካክልለታል። ማታ እንቅልፍን የሚጠራው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን በጊዜው ይመነጫል። ዒሻን ሰግዶ መተኛት ለልጁ ትግል መሆኑ የቀረው በሦስተኛው ሳምንት ነው።

3ኛ፦ እንቅስቃሴ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ይመክራል። እረኛ ይህን ከረፋዱ በፊት ይጨርሰዋል። እንቅስቃሴ ድብርትንና ጭንቀትን እንደሚቀንስ የታወቀ ነው።

4ኛ፦ ምግቡ። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው። ስለዚህ የአገሬው ሰው ብቻውን አይበላውም፤ ከአይብ፣ ከጎመን፣ ከባቄላ፣ ከወተት ጋር ያደርገዋል። የገብስ ገንፎና ድንችም ነበር። ልጁ ሲመለስ 51 ኪሎ ሆነ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ወተት ሳይፈላ፣ ክትፎም ጥሬውን አይሰጠው። ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስንና የከብት ቲቢን፣ ጥሬ ሥጋ ደግሞ የኮሶ ትልን ያመጣል።

5ኛ፦ አረንጓዴው ራሱ። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ በፔንሲልቬንያ በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩ ሕሙማን፣ የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ይልቅ ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወስደዋል። አላህ ምድርን ያስዋበበት አረንጓዴ ለዓይን ብቻ አይደለም።

6ኛ፦ አደራ። በእኔ እይታ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ጊደሯ እሱን ትፈልገው ነበር።

የመድየኑ ውል

አንባቢዎቻችን በሱረቱል ቀሶስ የተነገረውን የነቢዩላህ ሙሳን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ታውቁታላችሁ። ሊገድለው ሳያስብ የመታው ሰው ሞተበት። ነፍሱን ለማትረፍ ፈርቶ ከከተማ ወጣ፤ በረሃውን አቋርጦ መድየን ደረሰ። ምንም ያልነበረው ወጣት ስደተኛ ነበር። ውኃው ዘንድ ደርሶ የመጀመሪያ ሥራው የሁለት ሴቶችን መንጋ ማጠጣት ሆነ። አባታቸው አዛውንት አስጠሩት።

ያ አዛውንት ያደረጉትን አንድ በአንድ እንይ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። አትፍራ አሉት። ሥራ ሰጡት፤ እረኝነት። ሥራው ውል ነበረው፦ 8 ዓመት፣ እሱ ከፈቀደ 10። ማስገደድ እንደማይፈልጉም ነገሩት። ጊዜው ሲያልቅ ቤተሰቡን ይዞ ሄደ፤ አላህም በመንገዱ ላይ ለመልእክተኝነት ጠራው።

መደመጥ፣ ደኅንነት፣ እውነተኛ ሥራ፣ የታወቀ ጊዜ፣ ፈቃድ። አምስቱም ነገሮች አሉ። አባቴ ይህን ከመጽሐፍ ያሰሉት አይመስለኝም፤ በልባቸው ያለ ነገር ነው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) በሕፃንነታቸው በበኒ ሰዕድ በረሃ ከሐሊማ ዘንድ እንዳደጉ፣ በልጅነታቸውም የመካ ሰዎችን በጎች እንደጠበቁ፣ በግ ያልጠበቀ ነቢይ እንዳልነበረም መናገራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ወሎም ቢሆን ደረሳ ልጅ ኪታብ ሊቀራ ከቤቱ ርቆ ገጠር ሸኽ ዘንድ መኖሩ የቆየ ልማድ ነው።

መላክ ሲበላሽ

አሁን የሚያሳዝነውን ክፍል ልንገራችሁ። ልጅን ከዓይን ማራቅ ራሱ መድኃኒት የመሰላቸው ብዙዎች አሉ፤ ውጤቱም መጥፎ ሆኗል።

በአሜሪካ ያስቸገሩ ልጆችን ወደ በረሃና ጫካ ወስደው «የሚያርሙ» ድርጅቶች በተለይ በዩታ ክፍለ ግዛት ተስፋፍተው ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ለምክር ቤቱ ባቀረበው ሪፖርት፣ ከ1990 እስከ 2004 ባሉት ዓመታት በእንዲህ ያሉ ማረሚያዎች የሞቱ 10 ታዳጊዎችን ጉዳይ መርምሯል። ሙቀት፣ የውኃ እጥረት፣ «አስመስሎ ነው» ተብሎ የታለፈ ሕመም ከምክንያቶቹ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በሰሜን ካሮላይና አንድ የ12 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ማዕከል በገባ ማግስት ሞቶ ተገኘ፤ ማዕከሉም ፈቃዱን ተነጠቀ።

ይህ የሌላ ሕዝብ ጣጣ ነው እንዳንል፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 በናይጄሪያ ካዱና ከተማ ፖሊስ የቁርኣን ትምህርትና ማረሚያ ነው ከተባለ አንድ ቤት ከ300 በላይ ወንዶችና ልጆችን አስወጥቷል፤ ብዙዎቹ በሰንሰለት የታሰሩና የተደበደቡ ነበሩ። ከመካከላቸው ወላጆቻቸው ራሳቸው ያስገቧቸው ነበሩበት። የዲን ስም የተለጠፈበት በር ሁሉ ደኅና አይደለም። መቀመጫው የማይጎበኝ፣ ልጁ ደውሎ የማያናግራችሁ፣ መመለሻው ቀን የማይታወቅ ቦታ ካለ ልጃችሁን አታስገቡ።

ስትመለስስ?

የእህቴ ልጅ በነሐሴ መጨረሻ ተመለሰ። ጉንጩ ሞልቶ፣ ድምፁ ረግቶ። እናቱ ዕቁቧ የተመለሰላት ያህል ተደሰተች። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ፤ ግን አላለቀም።

ጥቅምት ላይ አንድ ዓርብ ከሰዓት ያችው ክፍል ውስጥ ተገኘ። እህቴ «ሰባው ቀን ውኃ በላው» ብላ አለቀሰች። አባቴ ዘንድ ደወልን። ትንሽ ዝም አሉና «ሰባ ቀን ቆሟል፣ አንድ ቀን ወድቋል። ሁለቱንም ቁጠሩ» አሉ።

ያኔ ነው ጥፋታችን የታየን። ልጁን ቀይረን ከሰዓቱን አልቀየርንም ነበር። አዘርነት ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ከብት አለ። በርበሬ በረንዳ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ምን አለ? ማገርሸት በሱስ ሕክምና የሚጠበቅ ነገር ነው፤ እንደ ውርደት ሳይሆን ዕቅዱ የት እንደሳሳ እንደሚያሳይ ምልክት መታየት አለበት።

ስለዚህ ከሰዓቱን ሞላነው። እናቱ የሱቁን ሒሳብ መዝገብ ሰጠችው፤ አዎ፣ ያንኑ ገንዘብ የወሰደውን ልጅ። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ አብራው ትቆጥር ነበር፣ ቆይታ በየሳምንቱ። ዐስርን ከመስጊዱ ጀማዓ ጋር መስገድና ከዚያ ኳስ መጫወት ተለመደ። ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈሩ ልጆች ጋር በእግር ወደ እንጦጦ መውጣት ጀመሩ። 9ኛ ክፍልን ደገመ፤ ከዚያ ወዲህ ግን እያለፈ ነው። ከዚያ ዓርብ በኋላ ሌላ መውደቅ አልነበረም አልልም፤ አንድ ጊዜ ነበር። ራሱ መጥቶ ነገረን።

ለወላጆች

ልጃችሁን ወደ ገጠር ለመላክ የምታስቡ ካላችሁ እነዚህን ልብ በሉ።

ሀ) በመጀመሪያ ሐኪም ይየው። ድምፅ የሚሰማው፣ ሰውን የሚጠረጥር፣ ለቀናት ያልተኛ፣ ስለ መሞት የሚያወራ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከሕክምና ርቆ አይሂድ። ጫትን በአልኮል የሚያበርድ፣ ማለትም ጨብሲ የለመደ ከሆነ መጠጡን በድንገት ማቆም አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይከታተለው። የሚወስደው መድኃኒት ካለ አይቋረጥ።

ለ) ልጁን ጠይቁት፤ የመመለሻውን ቀን ቁረጡለት፣ ቃላችሁንም ጠብቁ።

ሐ) የሚቀበለውን ሰው እወቁ። ገጠር ሁሉ ከጫት የጸዳ አይደለም፤ ጫት የሚበቅልበት ጓሮ ልኮ ከጫት ይራቅ ማለት አይቻልም። የማይማታ፣ የማይሳደብ፣ ታጋሽ ዘመድ ይሁን።

መ) ሥራው እውነተኛ ግን በአቅሙ ይሁን። ቅጣት አይምሰል። የመጀመሪያውን ሳምንት ይረፍ፣ ይብላ፣ ይተኛ።

ሠ) የአዲስ አበባ ልጅ ወባን አልለመደም። እንደ ሐላባ ወዳለው ቆላ ቀመስ አገር ከሄደ አጎበር ይያዝ፤ ትኩሳት ከያዘው በዚያው ዕለት ይመርመር። ለደጋው ወፍራም ልብስና የዝናብ ጫማ ያስፈልገዋል። የሚጠጣው ውኃ ይፍላ። ውሻ ከነከሰው ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ረ) ከመሄዱ በፊት የመመለሻውን ከሰዓት አዘጋጁ። ማንን ያገኛል? ምን ይሠራል? ማን ያምነዋል?

ገጠር ዘመድ የሌላችሁስ? እንጦጦ አለ፣ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ፣ ከከተማው በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። የመስጊድ ጀማዓዎች በወር አንድ ቀን ወጣቶችን ይዘው ቢወጡ፣ ዙህርን በዛፍ ጥላ ቢሰግዱ፣ ቆሎና እርጎ ይዘው ቢሄዱ ወጪው ከአንድ የበርጫ ከሰዓት ያነሰ ነው።

የእህቴ ልጅ አሁንም በየአረፋው አዘርነት ይሄዳል። አሁን ማንም አይልከውም፤ ራሱ ነው ትኬት የሚቆርጠው። ያቺ ጊደር ወልዳለች። ጥጃዋን ያሰራት እሱ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የጠፉትን ይመልስልን፤ ለእኛም ለወላጆች ትዕግሥቱን ይስጠን። አሚን። ወላሁ አዕለም።